ማንን ልስማ?

ፒያኖ በጆሮው የተማረ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሰማውን ሁሉ ይጫወታል፤ የኖታ ወረቀት ስታስቀምጡለት ግን ፍርድ ቤት የተጠራ ይመስላል። እኔን አያቷን «ዓባየ» የምትለኝ የልጄ ልጅ ብሩኽቲ እንደዚያ ናት።

በቅርቡ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ፒያኖ በምትማርበት ቤት ፈተና ነበር፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ፤ ኖታ ያላነበበ ይሰናበታል ተባለ። ተማሪዎቹ በሩ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ተራ ጠበቁ። መጀመሪያ የገባው ልጅ መሀል ላይ ተሳሳተ። ተከትለውት የገቡት ሁሉ፣ ብሩኽቲም ጭምር፣ ያንኑ ስህተት እዚያው ቦታ ላይ አሳምረው ተጫወቱት።

መምህሩ ወጣ። «ያነበበ የለም። ነገ ሌላ ዜማ እሰጣለሁ። ማን ይጀምራል?»

ሁሉም ዞረው ያንኑ ልጅ አዩት። እንዴ፣ ሁልጊዜ እሱ ይታረድ? «ብሩኽቲ ትጀምር» አልኩ።

«ዓባየ፣ ታዲያ ማንን ልስማ?» አለችኝ።

በማግስቱ ገባች። ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ፣ ቆይቶም ሌላ። ልጆቹ የእሷን ስህተት ሊቀዱ በሩ ላይ ተለጠፉ። ፍትሕ የለም እንዴ? ሁሉንም ወደ ደረጃው አባረርኩና የራሴን ጆሮ ለጠፍኩ።

ትክክል ትጫወት ትሳሳት ግን በምን ልወቅ? ዜማውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።