ባሕርን ሐይቅ ከተማ ያስገቡት ጎረቤቴ

ደጁ ላይ ሐይቅ ተኝቶለት ሳለ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር የሚሠራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ሐሜት እንዳይሆንብኝ ተጠንቅቄ ልጻፈው፤ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስመጣ ጠርተው አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አሳዩኝ። ውስጡ ጨዋማ ውኃና ድንጋይ ብቻ ነው።

«ዓሣውስ ጋሼ?»

«ውኃው አልበሰለማ! ዓሣ የሚያኖር እስኪሆን ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ምንም ነገር ከገባበት እንደገና ከሀ መጀመር ነው።»

በአምስተኛው ሳምንት ዓሣ አስጋሪው ሰይድ እንኳን ደስ አለዎት ሊል መጣ። ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነውና በባልዲ ከሐይቁ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ከነሕይወቱ ይዟል።

«እኔ እያለሁ ገንዳዎ ባዶ ሊሆን? አብሽሩ ጋሼ፣ አሁኑኑ እከተዋለሁ!»

ጋሽ ደምሴ ገንዳውን በጀርባቸው ከለሉት። ስጦታውን ቢመልሱ ሰይድ ይቀየማል፤ ቢቀበሉ ዓሣው በጨው ይሞታል፣ የአምስት ሳምንት ውኃቸውም ይበላሻል። እናንተ ብትሆኑስ?

«ሰይዴ፣ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ እልፍኝ ይገባል እንዴ?» አሉና ቆሮሶውን ከነውኃው ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ ገለበጡት።

«ወላሂ፣ የትኛውን እግሩን?» አለ ሰይድ፤ ግን ሳቀ።

ስድስቱ ሳምንት ካለፈ በኋላ ልሰናበታቸው ገባሁ። ጋሽ ደምሴ ለባሕራቸው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለቆሮሶው ፍርፋሪ ይበትናሉ።

«ውኃው አልበሰለም ጋሼ?»

«በስሏል። እንግዳዬ ግን ገና እግሩን ታጥቦ አልጨረሰም።»