የጋሽ ታደሰ አጀንዳ

ስብሰባ የሚናፍቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ጋሽ ታደሰ ድሮ አገር ቤት የክልል ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበሩ፤ ዛሬ ጅቡቲ፣ ፔካ 12 የሚባል ሰፈር የከባድ መኪና ጎማ ይጠግናሉ። አዳራሹን፣ ጭብጨባውን፣ በየጠረጴዛው የሚደረደረውን የታሸገ ውሃ ሲያነሡ ዓይናቸው እንባ ያቀራል።

አርብ አርብ ሃያብለ ሰፈር ባለችው የቆርቆሮ ቤታቸው ስድስት ያገር ልጆች ሆነን እንሰበሰባለን። ማራገቢያው ቬንቲላተር ወደ ማን ይዙር የሚለው እንኳ ያለ ድምፅ አይወሰንም! «የሚደግፍ? የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ?» ይላሉ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚለውን እንደ ድሮው አስቀድመው ጽፈውታል።

አንድ አርብ ናፍቆቱ በረታባቸውና አጀንዳው «የታደሰ ወደ አገር መመለስ» ሆነ። «የሚደግፍ?» ሲሉ አብዛኞቻችን እያዘንን እጃችንን አወጣን።

«የሚቃወም?»

«እኔ!» አለች ሰው ቤት የምትሠራው ዘነበች።

ጋሽ ታደሰ ደነገጡ። በዚያ ሁሉ የምክር ቤት ዘመናቸው መቼ ሰምተውት! «ምክንያትሽ?»

«ሳምንቱን ሙሉ ስታዘዝ ነው የምውለው። ሐሳቤን የምጠየቀው እዚህ ብቻ ነው፤ እርስዎ ከሄዱ ማን ይጠይቀኛል?»

የጻፉትን ሰርዘው አጀንዳውን ለሚቀጥለው አርብ አስተላለፉት።

ይኸው እስከ ዛሬ እየተላለፈ ነው። አሁን ግን «የሚቃወም?» ሲሉ ቀና ብለው ይጠብቃሉ።