የሚስ ዶሮቲ ቄጤማ

ጥላ የበዛበት ጓሮ ምንም አያበቅልም የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ላኩት። የእኔ ጓሮ ጭንቀት አብቅሎልኛል።

ሞባይል ሳይመጣ፣ ፔጀር የሚሉትን መጥሪያ ወገባችን ላይ አንጠልጥለን በምንኮራበት ዘመን ነው። ኦክላንድ የተከራየነው ቤት ባለቤት ሚስ ዶሮቲ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ እዚያው ጎናችን ይኖራሉ። ከጓሯችን ትልቅ ዛፍ ሥር ሟች ባላቸው የተከሉት አበባ አለ። እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ አለው። ደረቁን ወራት አፈር ውስጥ ተኝቶ ከርሞ፣ ዝናብ ሲመጣ ቀጫጭን ቅጠል ያወጣል፤ ፌብሩዋሪ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ሰማያዊ ያብባል። ሲያከራዩን የለመኑን አንድ ነገር ነው፤ «የባሌን አበባ አደራ!» አደራ በላ ከመባል ደግሞ ሌባ መባል ይሻላል።

የገና ዕለት የባለቤቴ እናት፣ እማማ በላይነሽ፣ ከሳን ሆዜ መጡ። እኛ ኩሽና ስንራወጥ እሳቸው ቢላ ይዘው ጓሮ ወጡ። ተመልሰው ሳሎኑን አረንጓዴ አለበሱት። እንዲህ ያለ ቄጤማ ጓሯችሁ ሞልቶ ዓውዳመትን በባዶ ምንጣፍ ታሳልፋላችሁ? ብለው ተቆጡን። ቄጤማ ብለው ያጨዱት የአደራውን አበባ ቅጠል ነው። ሚስ ዶሮቲን ምሳ ጠርተናቸዋላ!

መጡ። የባላቸውን አበባ እየረገጡ ገብተው፣ ቤታችሁ እንዴት ያምራል አሉ። ቶሎ ብዬ ዶሮ ወጡን ፊታቸው አቀረብኩ።

ባለቤቴ «ኮል አድርግና ሶሪ በላቸው» ትለኛለች። ወኔው ከየት ይምጣ? በምትኩ ቆሻሻቸውን ማውጣት ጀመርኩ። በየሳምንቱ ቢናቸውን፣ የቆሻሻ በርሜላቸውን፣ መንገድ ዳር እጎትታለሁ፤ ስመለስ የዛፉን ሥር አያለሁ። ጸሎትም አድርሻለሁ፤ ስለ ሽንኩርት።

ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ጠዋት ሚስ ዶሮቲ ከጓሮ ጮኸው ጠሩኝ። አለቀልኝ ብዬ ወጣሁ። የዛፉ ሥር ሰማያዊ ሆኗል! እፎይ! ዕንባዬ መጣ። እሳቸውም ዓይናቸው ረጥቧል። ለካ ባላቸው በየዓመቱ በገና ሰሞን ቅጠሉን ያጭዱት ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አበባው በቅጠል ተውጦ በደንብ ታይቶ አያውቅም።

«አንተ፣ ማጨዱን ማን ነገረህ?» አሉኝ።

ደስታ ምላሴን ፈታውና እውነቱን ዘረገፍኩት። ታዲያ ቆሻሻዬን የምታወጣው ለዚህ ነው? ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እማማ በላይነሽ ሲሰሙ «ነግሬህ አልነበር?» አሉ። ምን እንደነገሩኝ እግዜር ይወቀው።

እኔ ግን እፎይ ብዬ ተኛሁ። በሳምንቱ፣ በቆሻሻው ቀን ማለዳ፣ በሬ ተንኳኳ። ሚስ ዶሮቲ ናቸው።

«ስለ አበባው ምሬሃለሁ፤ ቢኑን ግን ረሳኸው» አሉኝ።