አፍንጫዬን ያስጠረግሁ ለት

እግዜር ፊትን የሰጠን ሌላው እንዲያየው እንጂ እኛ እንድናየው አይመስለኝም። እንድናየው ቢፈልግማ ኖሮ ዓይናችንን መዳፋችን ላይ ያደርግልን ነበር። መስታወት የሚሉት ነገር መጣና ሰላማችንን ነሳን። እናንተም ብቻችሁን ስትሆኑ አፍንጫችሁን በጣት ገፋ አድርጋችሁ ምን እንደምታዩ አውቃለሁ፤ አንተፋፈር።

የእኔስ ከእናንተም የባሰ ነበር። በወጣትነቴ አፍንጫዬና ጉንጮቼ በጥቋቁር ነጠብጣብ ተሞልተው፣ ከሩቅ ላየኝ ጤፍ የተዘራብኝ እመስል ነበር። ቆዳዬ ወፍራም ነው። በሳሙና ብትሉት፣ በአመድ ብትሉት፣ ንቅንቅ አይልም። እናቴ “ወፍራም ቆዳ ለክፉ ቀን ይሆናል” እያለች ታጽናናኝ ነበር። ክፉው ቀንም አልዘገየም፤ ጣሊያን መጣ።

ያኔ ዲላ ላይ በአንድ ጣሊያን ነጋዴ መጋዘን ቡና መዛኝ ነበርሁ። ከኮንጋና ከአሪቻ በበቅሎ የሚመጣውን ቡና ሚዛን ላይ አወጣለሁ፣ “ሲ ሲኞር” እላለሁ፣ ጌታዬ ሲስቅም አብሬው እስቃለሁ። ምን እንዳሳቀው ግን አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም።

በዚሁ መሐል ከሸዋ መጥቶ ገበያው ዳር አቡጀዲ የሚሸጠው የአቶ ወልደየስ ልጅ፣ አስካለ፣ ልቤን ወሰደችው። የአባቴን ወዳጅ ጋሼ መኩሪያን ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ላክሁ። “ቀን ይሰጠን ብለዋል” ብለው ተመለሱ። ደግሜ ላክሁ። “ይታሰብበት ብለዋል” አሉኝ። ሽማግሌ እንደሆነ የሰማውን ክፉ ቃል እዚያው በረንዳው ላይ ጥሎ ነው የሚመጣው፤ ወጉ ነው። እኔም ምክንያቱን ራሴ መፈለግ ነበረብኝና መስታወት ፊት ቆሜ ፈለግሁ። አገኘሁትም። አፍንጫዬ መሐል ተቀምጧል!

የአቶ ወልደየስ ታናሽ ወንድም ጫካ ገብቶ ከጣሊያን ጋር እየተታኮሰ እንደሆነ ዲላ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እኔም አውቅ ነበር። የእሱን ወንድም ከሚያሳድዱት ጋር አብሮ ለሚስቅ ሰው ልጁን እንደማይሰጥ ግን ከቶ አልታሰበኝም። ሰው ጉድለቱን ሲፈልግ ቀላሉን ነው የሚያገኘው።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ እሑድ ሊሄዱ ተቀጠረ። ይህም እምቢ ከተባለ አስካለን ለሌላ ይድሯታል። ስለዚህ ሐሙስ ሁለት ዶሮ አንጠልጥዬ ጣሊያኑ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ሄድሁ። በፊት ለፊት መግባት ለእኛ ክልክል ስለነበር በጓሮ ገባሁ። አፍንጫዬን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየና ተነፈሰ። የፈላ ውሃ በሳህን አቅርቦ፣ ራሴን በፎጣ ሸፍኖ በእንፋሎት አላበኝ። ቆዳው ሲላላ ጫፏ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያላት ቀጭን ብረት አወጣ፣ በአልኮል አጠባት፣ ቀዳዳዋን በነጠብጣቡ ዙሪያ እያስቀመጠ በቀስታ ተጫነ። ነጠብጣቡ ከነሥሩ ሹልክ ይላል! ጥቂት እንዳወጣ ግን አቆመ፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ጣል አድርጎብኝ ቆዳ በሚያኮማትረው ድንጋይ፣ በሸብ አሸኝ። አማርኛውን የተማረው ከገበያ ሴቶች ስለነበር ሁሉንም ሰው አንቺ ነበር የሚለው።

“አንቺ ቆዳ ወፍራም። ዛሬ ትንሽ፣ ሌላ ሳምንት ትንሽ። ፒያኖ፣ ፒያኖ፤ ቀስ፣ ቀስ። ጥፍር የለም!”

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እንቁላል ግን ለእሑድ የቀጠረው ሽማግሌ የለውም። ቤቴ ገብቼ ውሃ አፈላሁና ፊቴን ማሰሮው አፍ ላይ ደቀንሁ። በጥፍሬ ጀመርሁ፤ በመርፌ ቁልፍ ቀጠልሁ፤ በሎሚና በጨው ጨረስሁ። እንዴት እንደጮህሁ አልነግራችሁም። ቅዳሜ ጠዋት አፍንጫዬ ድንች አክሎ፣ አንድ ዓይኔ ተከድኖ፣ ከንፈሬ አብጦ፣ ጉንጬ ቆስሎና በልዞ ተነሣሁ።

አለቀልኝ አልሁ። በዚህ መልኬ ከምዋረድ ሽምግልናው ይቅር ልል፣ ጋቢዬን ተከናንቤ በጓሮ በጓሮ ወደ ጋሼ መኩሪያ ስሄድ ከማን ጋር ብገጣጠም ጥሩ ነው? ከአቶ ወልደየስ ጋር! ጋቢዬን ገለጥ አድርጎ አየኝ። ዓይኑ በእንባ ሞላ።

“እነዚህ አረመኔዎች!” አለ በሹክሹክታ።

“ኧረ ጌታዬ፣ ይኼስ እንኳ...”

“ዝም በል! ጆሮ ጠቢው ብዙ ነው። ለምን እንደገረፉህ አልጠይቅህም፤ አንተም ለማንም እንዳትናገር። እኔ እኮ የእነሱ ሰው ትመስለኝ ነበር፤ ይቅር በለኝ ልጄ።”

እንግዲህ ታላቅ ሰው ዝም በል ሲል ዝም ነው የሚባለው። እንደዚያ ቀን ጨዋ ሆኜ አላውቅም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ እሺታ ይዘው መጡ። መጋዘኑን ተውሁ፣ ተዳርሁ። ወዲያው አማቼ በቅሎ ላይ ጨው ጭኖ፣ ከጨዉ ሥር መድኃኒትና የቁስል ጨርቅ ደብቆ፣ በጨለለቅቱ በኩል ጫካ ላሉት እንዳደርስ ላከኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሞ። ፈሪ ነኝ። ግን የተገረፈ ጀግና እንዴት እምቢ ይላል?

ጣሊያን ወጣ፤ ከዓመታት በኋላ አማቼም አረፈ። ውሸቱ ሆዴን ሲበላው ኖሮ አንድ ቀን አስካለ ልብስ ስትጥፍ አጠገቧ ተቀመጥሁና “ያኔ ማንም አልገረፈኝም፤ ፊቴን እንደዚያ ያደረግሁት እኔው ነኝ” አልኋት።

“አውቃለሁ” አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል። “አባባም ያውቅ ነበር። እሺ ባለ ማግስት ጣሊያኑ ፀጉር አስተካካይ ጨርቅ ሊገዛ ሱቅ መጥቶ ‘ያቺ የአንቺ አማች አፍንጫ እንዴት ሆነች? ሐሙስ እኔ አጸዳ፤ ጥፍር የለም አልሁ!’ ብሎ ጠየቀው።”

“ታዲያ ለምን ለእኔ ዳረሽ?”

“ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቶ ሊያጥፍ ነው? ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ብቻውን ሲስቅ ሰማሁት። ‘ለአፍንጫው ሲል እንዲህ የሚሆን ሰው አርበኛ ይረዳል ብሎ የትኛው ጣሊያን ይጠረጥራል? ጨዉን እሱ ይውሰድ’ አለ።”

ያን ሁሉ መንገድ በድፍረቴ ተመርጬ የሄድሁ መስሎኝ ነበር። ይሁን እስቲ፤ ጨዉ ደርሷል።