ቀለም ቀቢው የጥፍራቸውን ጠላት በቀይ ብርሃን ድል የነሡበት ዜና

በዘመነ ሶፋ፣ ይኸውም መሰላል አይፈሬው፣ ጣራ አዳሹ፣ የግድግዳ ሁሉ አባት ቀለም ቀቢው ስለ ቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ከአልጋ ተሰደው ሶፋ ላይ መተኛት በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት፣ ፈንገስ የተባለ ጠላት ከጥፍራቸው ሥር ሰፍሮ፣ ጥፍሩንም እንደ አሮጌ ልስን ቢጫ አድርጎና ፈርፍሮ ሳለ፣ እመቤቲቱ ሚስታቸው ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ያ ጥፍር ሳይጠራ ነጩን አንሶላዬን አይነካም። ሰውየው ግን ይናፍቀኛል።»

ወእምዝ ቀቢው ወደ ክሊኒክ ዘመቱ። ከፊት ዣንጥላ የያዙት ሚስታቸው፣ ከኋላ ትርፍ ካልሲ የተሸከሙት የሚስታቸው እህት ሄዱ፤ ከሁሉም ኋላ የራሱን ቢጫ ጥፍር በጫማ የደበቀው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ፣ ለአጃቢነት ብቻ ነው የመጣሁት እያለ ተከተለ።

ነርሷም ጥፍሩን ሞርዳ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብታ፣ ቅቡ ላይ የሚበራውን ቀይ መብራት ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ቀቢው ግን፣ ልጆቼ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቀለም ሳይደርቅ አይነካም ብለው የኖሩ፣ ትኩስ ቅብ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል ብለው ስንቱን መስኮት በጋዜጣ የጋረዱ ናቸውና፣ እግራቸውን በካልሲ ጠቅልለው፣ ሠራዊታቸውን አስከትለው፣ እንደ ድል አድራጊ ቤታቸው ገቡ። ጠላትም አዲስ በተቀባ ቤት እንደሚኖር ተከራይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

ሰንበት ብሎ ሚስታቸው ካልሲውን ቢያወልቁ ጥፍሩ እንደ ነበረ ነው፤ የጨመረው ሰማያዊነቱ ብቻ። ዘመነ ሶፋም ተራዘመ። ወደ ክሊኒኩ በተመለሱ ጊዜ ነርሷ መብራቷን እንደ በትረ መንግሥት ይዛ አወጀች፦ «አባባ፣ ይሄ የግድግዳ ቀለም አይደለም። ቀለሙ ብቻውን አይገድልም፣ መብራቱም ብቻውን አይገድልም። ቀለሙ ሰርጎ ገብቶ ብርሃኑን ሲጠጣ ነው በዙሪያው ያለውን ኦክስጅን ለፈንገሱ መርዝ የሚያደርገው። ስለዚህ እዚህ ቤት ካልሲ የሚባል ነገር እንዳላይ።»

ቀቢውም ከቀዩ መብራት ሥር ጣታቸውን ዘርግተው ጸኑ፤ ሌላ ጊዜም እየተመላለሱ ጸኑ። ከዕለታት በአንዱ ፀጉር አስተካካዩም ቀስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

ወራት አልፈው ጥፍሩ ከሥሩ ጠርቶ በበቀለ ጊዜ፣ ቀቢው ወደ አልጋቸው ተመለሱ። ሲነጋ ግን የመጨረሻው ቅብ ገና አልለቀቀም ነበርና በነጩ አንሶላ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ታየ። ጀግናው ትራሳቸውን ታቅፈው አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሶፋው ሲያዘግሙ፣ ከወደ አልጋው የመጨረሻው አዋጅ ወጣ፦ «ትራሱ ይመለስ። አንሶላውም አይታጠብ፤ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ማኅተም ነው።»

ክብር ለቀቢው፣ ቅባቸው ሳይደርቅ በብርሃን ፊት ለቆሙት፣ ደም ሳያፈሱ አልጋቸውን ላስመለሱት። ዝናቸው ከጣራ ጣራ ይውጣ፤ ሁለተኛ ቅብም አያሻው።