ቢጫ ኪኒን በሰማያዊ ባትሪ

(አዋሽ ሰባት፤ ከጂቡቲ መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ፣ የመኪና ኤሲ በሚጠገንበት አሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ። ሰዓቱ ገና ረፋድ ነው፤ የአዋሽ ሙቀት ግን ረፋድ የሚባል ነገር አያውቅም። ትግሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ መሪ ስለጨበጠ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ዛሬ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሽማግሌ ሆኖ ሰመራ ሊሄድ ቃል ገብቶ ነበርና። ከማሉዲን ኤሲ ጠጋኝ ነው። ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል። ሚስት የሚጠየቀው ለእሱ ነው።)

ትግሉ፦ አልሄድም አልኩ፣ አልሄድም። የሚያፈስ ሰው ይዤ የሰው ደጅ አልረግጥም።

ከማሉዲን፦ ጋሽ ትግሉ፣ ሽንት እኮ ነው። የሚያስፈራውማ አልፈስ ሲል ነው።

ትግሉ፦ መፍሰሱን ማን ጠላ? ቀለሙን ነው የምልህ። ቅድም ከኮንቴይነሩ ጀርባ ስትሸና አጠገብህ ነበርኩ።

ከማሉዲን፦ እሱንስ አይቻለሁ። ለምን ጎንበስ ብለው እንዳዩት ነው ያልገባኝ።

ትግሉ፦ ሹፌር ነኛ። ሹፌር መሬት ላይ እርጥብ ነገር ካየ ጎንበስ ሳይል አያልፍም። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ የመሪ ዘይት። አረንጓዴ ከሆነ የራዲያተር ውሃ። ያንተ ምን ነበር?

ከማሉዲን፦ ቢጫ።

ትግሉ፦ ምን ዓይነት ቢጫ?

ከማሉዲን፦ ቢጫ ነዋ ጋሼ። ቢጫ ደግሞ ስንት ዓይነት አለው?

ትግሉ፦ የትራፊክ ፖሊስ ሰደርያ ዓይነት ቢጫ። ዓይን የሚወጋ።

ከማሉዲን፦ እሱስ እውነት ነው። ግን የመድኃኒት ቤቷ ሰርክአዲስ እንዳለችኝ ከሆነ…

ትግሉ፦ ሰርክአዲስ መኪና ነድታ ታውቃለች?

ከማሉዲን፦ አታውቅም።

ትግሉ፦ እንግዲያው ስለ ፍሳሽ ምን ታውቃለች? ተዋት። አሁን እኔ የምጠይቅህን መልስ። ኤሲ ውስጥ የምትጨምረው ቀለም መልኩ ምንድን ነው?

ከማሉዲን፦ የሚያፈስበትን መፈለጊያው? እሱም ቢጫ ነው። ጋዙ በየት በኩል እንደሚወጣ በዓይን ስለማይታይ ቀለሙን አብረን እናስገባለን። ከዚያ በዚህ ሰማያዊ ባትሪ ስናይ የሚያፈስበት ቦታ ያበራል።

ትግሉ፦ ቀለሙን በእጅህ ትነካዋለህ?

ከማሉዲን፦ ሥራዬ አይደል?

ትግሉ፦ በዚያው እጅህ ትበላለህ?

ከማሉዲን፦ ታጥቤ ነው እንጂ።

ትግሉ፦ በምን?

ከማሉዲን፦ መጀመሪያ በናፍጣ።

ትግሉ፦ (ዓይኑን ጨፍኖ) አለቀ። ቀለሙ ገብቶልሃል። ኤሲ ሆነሃል ልጄ።

ከማሉዲን፦ ኤሲ ብሆንማ እንዲህ ያልበኝ ነበር?

ትግሉ፦ ጋዝህ አልቆ ነዋ።

(ከማሉዲን ይህን ያስባል። ሲያስብ አፉን መክፈት ልማዱ ነው፤ ሰው ሞኝ የሚለውም ለዚሁ ነው። ዛሬ ግን ሆዱም ባብቷል። ሊያገባት የሚፈልጋት የሰመራው ሀጂ መሀመድአሚን ልጅ ነኢማ ትናንት ደውላ «ዛሬ ካልመጣችሁ አባቴን እኔ ላስቆመው አልችልም» ብላዋለች።)

ከማሉዲን፦ ጋሼ፣ ሀጂ መሀመድአሚን ከመግሪብ በኋላ ይጠብቁናል። ነገ ደግሞ የማደያው ዳውድ ሽማግሌዎቹን ይልካል። ሀጂ ከእርስዎ በቀር የማንንም ቃል አያምኑም፤ አሰብ ድረስ አብረዋቸው የነዱ ሰው ነዎት። ዛሬ ከቀሩ ነኢማ ቀረችብኝ።

ትግሉ፦ ስለሚያምኑኝ እኮ ነው የምፈራው። «የልጁ ጤና እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው? «ሀጂ፣ ልጁ ጨዋ ነው፤ ሠራተኛ ነው፤ ሶላቱን አያጓድልም፤ ትንሽ ያበራል» ልበል?

ከማሉዲን፦ ቢሉስ? መብራት በሚጠፋበት አገር ምን ክፋት አለው?

ትግሉ፦ ቀልድ አይደለም። ማስረጃ ትፈልጋለህ? ሂድና ሽንትህን በሃይላንድ ጠርሙስ አምጣልኝ።

(ከማሉዲን ይወጣል። ትግሉ ብቻውን ሲቀር ፊቱ ይጠቁራል፤ ላቡን በእጅጌው ይጠርጋል፤ መፍቻ ሳጥኑን አየት ያደርግና ቶሎ ዓይኑን ይነቅላል። ከማሉዲን ጠርሙሱን ይዞ ይመለሳል። በሩን ይዘጋሉ፤ ኮንቴይነሩ ይጨልማል። ሰማያዊው ባትሪ ይበራል።)

ከማሉዲን፦ ሱብሃነላህ። አምፖል መሰለ እኮ።

ትግሉ፦ አየኸው? አላልኩህም? ከውስጥ ነው የምታፈሰው።

ከማሉዲን፦ እና ምን ይሻለኛል?

ትግሉ፦ መኪና ብትሆን ጋዝህን አራግፈን፣ ቧንቧህን በናይትሮጅን ነፍተን፣ የተበሳውን እንበይድልህ ነበር።

ከማሉዲን፦ እኔን በየት በኩል ነው የሚነፉኝ?

ትግሉ፦ እሱን ሐኪሙ ይወቀው። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ይኼን ሁሉ ጊዜ ከአንተ ጋር በአንድ ትሪ መብላቴ ነው። በናፍጣ በታጠበ እጅህ ስታጎርሰኝ፣ እኔም ሰው አከበረኝ ብዬ ስውጥ።

ከማሉዲን፦ እርስዎም ያፈሳሉ እንዴ?

ትግሉ፦ እኔ? እኔ ንጹሕ ሰው ነኝ።

(ከማሉዲን አፉን ከፍቶ ጠርሙሱን ያያል፣ ትግሉን ያያል፣ እንደገና ጠርሙሱን ያያል። ከዚያ ባትሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ትግሉ ያዞራል። የትግሉ ሸሚዝ በጨለማው ውስጥ ወለል ብሎ ያበራል።)

ትግሉ፦ (ደረቱን ይዞ) ወይኔ። በላብ ወጣ።

ከማሉዲን፦ አይዞዎት፣ እሱ ኦሞ ነው። በኦሞ የታጠበ ነጭ ልብስ በዚህ ባትሪ ሰማያዊ ያበራል። ቢጫ አይደለም።

ትግሉ፦ (ትንፋሹ እየተመለሰ) ንጹሕ ነኝ አላልኩህም?

ከማሉዲን፦ ጣትዎ ግን ቢጫ ነው።

ትግሉ፦ የሲጋራ ነው።

ከማሉዲን፦ ሲጋራ መቼ ያጨሳሉ? ሪዝዎም ላይ አለ። እስኪ አፍዎን ይክፈቱልኝ።

(ትግሉ አይከፍትም። ከማሉዲን ባትሪውን ከፊቱ አይነቅልም። በመጨረሻ ትግሉ ለመሳደብ አፉን ሲከፍት ምላሱ ከነድዱ ቢጫ ሆኖ ይበራል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤ ዛሬ ባትሪ አወጣው።)

ከማሉዲን፦ ጋሼ፣ ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ብሷል።

ትግሉ፦ (ጎማ ላይ ዘፍ ብሎ ይቀመጣል) ፈርቻለሁ ከማል። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሰሞኑ አንድም ቀን ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም። አዋሽ አርባ ላይ መኪና አቁሜ ብሸና ያው ሰደርያ። መልካ ወረር ላይ ብሸና ያው ሰደርያ። ላንተ አስቤ መሰለህ ሰመራ አልሄድም ያልኩህ? ሀጂ ደጅ ላይ ወድቄ ብሞትስ ብዬ ነው። አደራህን፣ ሙሉሐረግን «ባልሽ እስከ መጨረሻው ያስብሽ ነበር» በላት። ጋቢዬን አንተ ውሰደው። ለሠርግህ ይሆንሃል።

ከማሉዲን፦ ጋቢውስ ይቆይ። እኔ የማበራው ግን በኪኒን ነው።

ትግሉ፦ በምን?

ከማሉዲን፦ የከንፈሬ ዳርና ዳር ተሰነጣጥቆ አልድን ቢለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቢ ቱ የሚባል ቫይታሚን አዘዙልኝ። ሰርክአዲስ ስትሰጠኝ «ራይቦፍላቪን ይባላል፤ መልኩ ከተፈጥሮው ቢጫ ነው፤ ሰውነትህ የሚፈልገውን ያህል ይወስድና የተረፈውን በሽንት ያወጣዋል፤ ሽንትህ ቢጫ ሆኖ ብታይ እንዳትደነግጥ» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ይህንን ልነግርዎ ስል መኪና ነድታ ታውቃለች ይሉኛል።

ትግሉ፦ እና አይገድልም?

ከማሉዲን፦ ኧረ ወተት ውስጥም እንቁላል ውስጥም አለ ብላለች። ጠላቱ ብርሃን ብቻ ነው። «ፀሐይ ካገኘው ይበላሻል፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጠው» ስላለችኝ ብልቃጡን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ ከመፍቻ ሳጥኑ ሥር ደበቅኩት።

ትግሉ፦ ለፀሐይ ብለህ ነው እንዴ የደበቅከው?

(ውጭ ከባድ መኪና እያጓራ ያልፋል። ትግሉ ያለውን ቃል መልሶ ሊውጠው ይሞክራል፤ ቃል ግን ኪኒን አይደለም።)

ከማሉዲን፦ ለምን ብዬ መስሎዎት ነበር?

ትግሉ፦ ምኑን?

ከማሉዲን፦ የደበቅኩትን። እኔማ ብልቃጡ ቶሎ ቶሎ ሲጎድል አይጥ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው አይጥ ክዳን አይከፍትም።

ትግሉ፦ የአዋሽ አይጥ ምን ይሳነዋል?

ከማሉዲን፦ ከፍቶ መልሶ አይከድንማ።

ትግሉ፦ (ቢጫ ጣቶቹን ከሸሚዙ ሥር ይደብቃል)

ከማሉዲን፦ እንግዲህ ጋሼ፣ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም፤ እርስዎ ይርዱኝ። ኪኒኑን አልነካሁም ካሉ፣ ራስዎ እንደመረመሩት ኤሲ ሆነዋል። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ወስጄ በናይትሮጅን አስነፋዎታለሁ። ነክቻለሁ ካሉ ግን ፍጹም ጤነኛ ነዎት። ሌባ ብቻ ነዎት።

ትግሉ፦ ሦስተኛ መንገድ የለውም?

ከማሉዲን፦ የለውም።

ትግሉ፦ (ጎማውን በጣቱ እየጫረ) ጤነኛ ነኝ።

ከማሉዲን፦ አልሐምዱሊላህ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቫይታሚን ሲልስ ግን ያየሁት ዛሬ ነው። ምን አስበው ነው ግን?

ትግሉ፦ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከመፍቻ ሥር ተቀብሮ አየሁት። ሊያገባ የደረሰ ሰው እንዲህ ደብቆ የሚውጠው ምንድን ነው አልኩ። የጉልበት መስሎኝ ነዋ።

ከማሉዲን፦ አስተግፊሩላህ። በዚህ ዕድሜዎ?

ትግሉ፦ በዚህ ዕድሜዬ ነው እንጂ። ባንተ ዕድሜ ምን ሊያደርግልኝ?

ከማሉዲን፦ እና ለውጥ አዩ?

ትግሉ፦ ሽንቴ ጎረመሰ። ሌላው እንዳለ ነው።

(ከማሉዲን ሳቁን ለመደበቅ ባትሪውን ያጠፋል። ጨለማ ውስጥ ግን ሳቁ ይሰማል፤ ቆይቶም የትግሉ ሳቅ ይጨመርበታል። በሩ ይከፈታል።)

ከማሉዲን፦ ምላስዎ ግን እንዴት እንዲህ ሆነ? እኔ ውጬው ምንም አልሆንኩ።

ትግሉ፦ ኪኒን መዋጥ አይሆንልኝም። እንደ ከረሜላ አላምጠዋለሁ። ዛሬም ጠዋት፣ አንተ ሳትመጣ… መንገዱ ረዥም ነው ብዬ እፍኝ ቃምኩ።

ከማሉዲን፦ ይኼስ በሽንት ወጣልዎት። ሰርክአዲስ ግን «ይኼኛው አይጎዳም ብለህ ሌላውንም ኪኒን እንዲሁ እንዳትቅም፤ ከቫይታሚንም ሲበዛ ነርቭና ጉበት የሚጎዳ አለ» ብላኛለች። ሌላ ጊዜ የሰው መድኃኒት ቢያምርዎት ጠይቀው ይውሰዱ።

ትግሉ፦ መኪና ሳትነዳ ይኼን ሁሉ ማወቋ። (ይነሣል፤ ሸሚዙን ያራግፋል) ነገሩን ለሀጂ ታነሣላቸዋለህ?

ከማሉዲን፦ እኔ ምን አውቄ? ሀጂ የልጁ ጤና እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁዎት የሚመልሱት ከጠፋዎት ግን ላግዝዎ እችላለሁ።

ትግሉ፦ ብረት ነው እላለሁ። አይጠፋኝም። ዳውድ ቢፈልግ ሽማግሌ ሳይሆን መድፍ ይላክ፤ ነኢማን ይዘን ነው የምንመለሰው። ና ውጣ፣ ረፈደ።

(ወደ መኪናው ይወጣሉ። ከማሉዲን ብልቃጡን በጥቁር ጨርቁ ጠቅልሎ በኪሱ ይዟል፤ እጁንም ከኪሱ አያወጣም። ትግሉ ሞተሩን አስነሥቶ አይንቀሳቀስም፤ አንድ ነገር ከንክኖታል።)

ትግሉ፦ ቆይ እስኪ ከማል። ጠርሙሱን አብራበት ያልኩህ እኔ ነኝ። ወደ እኔ አዙረው ማን አለህ?

ከማሉዲን፦ ሥራዬ ነው ጋሼ። ኤሲ ሲያፈስ ማንንም አልጠረጥርም፣ ፈትቼም አልበትንም። ቀለም አስገባና ባትሪዬን ይዤ እዞራለሁ፤ የሚያፈስበት ቦታ ራሱ ያበራል። ቅድም ጠርሙሱ ሲያበራ ኪኒኑ ራሱ ቀለም መሆኑ ገባኝ።

ትግሉ፦ እና?

ከማሉዲን፦ እናማ፣ ብልቃጤ በየት በኩል እንደሚያፈስ ለማየት አዞርኩት።