ለኳስ የተጠባ ጡት

እኔ ፀጉሬን የምስተካከልበት ቤት ውስጥ ሰሞኑን መቀስ ሥራ ፈቷል። ወጣቶቹ ስለ ተጫዋች ዝውውር ይከራከራሉ፤ አስተካካዩ ማበጠሪያውን አየር ላይ ሰቅሎ ይፈርዳል፤ እኔ ደግሞ ግማሽ ራሴን ተላጭቼ ቁጭ ብያለሁ። አሠልጣኙ አልፈልግም ያለውን የክለቡ ፕሬዚዳንት አመጣበት፣ የሚፈልገውን ሸጠበት፣ ተኳረፉ። ወሬው ይኸው ነው። አንዱ ዞር ብሎ፣ «አባባ፣ በእናንተ ጊዜ ዝውውር ነበር እንዴ?» አለኝ። ነበር እንጂ! ግን አልነገርኩትም። ፀጉር ቤት ሆኖ የሚነገር አይደለም። ለእናንተ ልንገራችሁ፣ መቼም ተቀምጣችኋል።

አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው መካነ ሰላም ውስጥ የኳስ ቡድን ነበረን። እኔ ተጠባባቂ በረኛ ነበርኩ። ተጠባባቂ በረኛ ማለት ኳስ ሳይነኩ ማልያ መልበስ ነው። ዋናው በረኛችን የብረት ጤና ነበረው፤ አንድ ቀን እንኳ ጉንፋን ይዞት አያውቅም። ስለዚህ እኔ የምቀመጠው ሊቀ መንበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ነው። ኳስ ብዙ ባልጫወትም አመራሩ የሚያወራውን አንድ ሳይቀር ሰምቻለሁ።

ሊቀ መንበራችን ፊታውራሪ ጓንጉል ነበሩ። ሜዳው የእርሳቸው መሬት ነው። በገዛ መሬታቸው ከመስመር ውጪ መቀመጥ ክብራቸውን የሚነካ መሰላቸውና ወንበራቸውን ገባ አድርገው፣ ሜዳው ውስጥ፣ ጥላ አስይዘው ይቀመጣሉ። ኳስ የሚነዳ ሰው ዞሯቸው ያልፋል። የእንግዳ ቡድን ተጫዋቾች መጀመሪያ ይደነግጣሉ። የእኛዎቹ ግን ለምደው ኳሷን ከወንበሩ እግር እያነጠሩ ተከላካይ ያልፉ ነበር። ዳኛውስ አትሉኝም? ዳኛውማ የእርሳቸው ጭሰኛ ነው!

አሠልጣኙ መምህር ሁሴን የደሴ ሰው ነው፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ። እሱ ኳስ ያውቃል። ፊታውራሪ ደግሞ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ። አሰላለፍ ሲወጣ አንዱ በእግር ይመርጣል፣ ሌላው በትውልድ። ቀኝ አጥቂያችን የፊታውራሪ የእልፍኝ አስከልካይ ልጅ ነበር። ሩጫ አይወድም። መምህር ሁሴን ከቡድኑ ሊያወጣው በሞከረ ቁጥር ፊታውራሪ፣ «አባቱ ምን ይለኛል?» ይሉታል። በዚህ የተነሳ ሁለቱ ሰላምታቸው ሁሉ ጥርስ እያፋጩ ነበር።

እንግዲህ ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣ። ያንን ዓመት ብዙ አላወራላችሁም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየም ባያየው ይሻለዋል። ሰው ከየገጠሩ ወደ ከተማ መውጣት ጀመረ። ይመር የሚባል ጎልማሳ ከእናቱ ከወይዘሮ ከድጃና ከእህቱ ከሰዓዳ ጋር ከአጅባር ገጠር መጣና ገበያ ላይ ሸክም ያዘ። አንድ ቀን ከበቅሎ ጭነት ላይ ቅል ሲወድቅ ይመር በእግሩ ጀርባ ቀስ አድርጎ ተቀበለው። ቅሉንም ለባለቤቱ ሰጠው። መምህር ሁሴን ይሄን አየና ምሳውን ሳይበላ ወደ ፊታውራሪ ቤት ሮጠ። ይመር ለካ በደጉ ጊዜ የአጅባር ቡድን አጥቂ ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በኳስ በሚጋጠሙት ከተሞች መሐል ስምምነት አለ። የሚሰለፈው የከተማው ሰው ወይም የከተማው ሰው ልጅ ብቻ ነው። ከሌላ አገር ጎበዝ አምጥቶ ማሰለፍ ነውር ነው። ፊታውራሪ ጥቂት አሰቡና፣ «እኔ ልጄ ካደረግሁትስ?» አሉ። አመራሩ በሙሉ አጨበጨበ።

የጡት ልጅ በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ይነክራል፣ ልጅ የሚሆነው ይጠባል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ከዚያ ወዲያ ከአብራክ ልጅ አይለይም። ከአባቱ ቤት ይበላል፣ አባቱ ሲታመም ያስታምማል፣ ሲሞት ይቀብራል። ክርስቲያኑ ለእስላሙ፣ እስላሙ ለክርስቲያኑ አባት ይሆናል፤ ጡት ሃይማኖት አይጠይቅም። ልጁ ሳይመረቅ ቤቱን ጥሎ ቢሄድ እርግማን ነው። የሚፈታው አባትየው በሕዝብ ፊት «ልጄ አይደለም» ብሎ የካደው ቀን ብቻ ነው። ማን ይሄን ያደርጋል?

ቄሱም ሼሁም ተጠርተው ሜዳው ድረስ መጡ። ይመር ተንበርክኮ የፊታውራሪን ጣት ጠባ። ወይዘሮ ከድጃ መሬት ስማ፣ «አልሐምዱሊላህ! የሙት ልጅ ነበር፣ ዛሬ አባት አገኘ» አለች። አለቀሰች። መምህር ሁሴን ፊታውራሪን ወደ ጎን ስቦ፣ «ፊታውራሪ፣ ልብ ይበሉ፣ ይሄ የኳስ ጉዳይ አይደለም። እነዚህ ሰዎች የምር ነው የያዙት» አላቸው። ድንጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ።

«ኧረ ተወኝ ሁሴን» አሉት ፊታውራሪ፣ ጣታቸውን እየጠረጉ። «ማር ነው የላሰ።»

ይመር በማግሥቱ እንጨት ፈልጦ ደጃቸው ላይ ከመረ። ማንም አላዘዘውም፤ ልጅ ነዋ! ጠዋት ጠዋት ጉልበት ስሞ፣ «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል። አጅባርን ስንገጥምም ብቻውን አሸነፈልን። ፊታውራሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ «ልጄ! ልጄ!» እያሉ ከዘራቸውን ሲወዘውዙ የአጅባርን በረኛ ሊመቱት ነበር።

ከዚያ ረሀቡ ጠና። የአውራጃው ሹሞች ረሀብ የሚባል ነገር የለም ይላሉ፤ እኛ ደግሞ በየማለዳው ከመንገድ ዳር ሬሳ እናነሳለን። የፊታውራሪ ጎተራ ሙሉ ነበር። ይመርን የሚያበሉት ግን በጨዋታ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም እፊታቸው አስቀምጠው። ለምን? አንዴ ቂጣ በሸሚዙ ሸሽጎ ለእናቱ ሲወስድ ይዘውታል። «ለእግርህ የሰጠሁህ ነው» አሉት፤ «አሮጊቷ ጎል ታገባልኛለች?» አመራሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ግን ምን እላለሁ? ተጠባባቂ ነኝ።

መምህር ሁሴን በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «ልጅዎ ከሆነ እናቱና እህቱም የቤትዎ ሰዎች ናቸው፤ ያብሏቸው» አለ። ፊታውራሪ ተቆጡ። ለኳስ ያመጡትን ሰው ዘር ማንዘር እንደማይቀልቡ፣ አሠልጣኝም ከሜዳው እንዳያልፍ ነገሩት። ከሜዳው አትለፍ የሚሉት እንግዲህ ሜዳው ውስጥ ወንበር ያላቸው ሰው ናቸው።

አጅባር ከደሴ የእርዳታ ስንዴ መግባት ጀመረ ተባለ። ወዲያውም ከአጅባር ቡድን ሽማግሌዎች መጡልን። ይመርን መልሱልን፣ እናቱንና እህቱን ቤት ሰጥተን ከስንዴው እናስገባቸዋለን አሉ። መምህር ሁሴን ደስ አለው። አስቡት፣ ብቸኛ አጥቂውን ውሰዱልኝ ብሎ የሚለምን አሠልጣኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እጃቸውን ይዞ ወደ ፊታውራሪ አመጣቸው። ፊታውራሪ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «ልጄን ነው የምትጠይቁኝ? ልጅ ለሰው ይሰጣል እንዴ?» አሉ። ሲበላ የኳስ ሰው፣ ሲጠየቅ የአብራክ ልጅ! እንዲህ ያለ አባት ይታያችሁ።

መምህር ሁሴን ወደ ይመር ሄደና ዝም ብለህ ውጣ፣ ማንም አይከለክልህም አለው። እውነቱን ነበር፣ በር ላይ ዘብ የለም። ይመር ራሱን ነቀነቀ።

«ሳይመርቁኝ እንዴት ብዬ ጋሼ ሁሴን? ጡታቸውን ጠብቻለሁ እኮ።»

«እናትህ እየሞተች ነው!»

ከጎጇቸው ውስጥ ወይዘሮ ከድጃ በደከመ ድምፅ፣ «አብሽሩ፣ አላህ ያውቃል» አለች። «ልጄን የአባት እርግማን ተከትሎት ከምበላ እዚሁ ልሙት።» መምህር ሁሴን ወጥቶ ግድግዳውን በቡጢ መታው። ካርታ ላይ መካነ ሰላምና አጅባርን በጣቱ ይለካ የነበረ ሰው ነው፤ የዚህኛውን ርቀት ግን ማን ያስተምረው?

ፊታውራሪ በመጨረሻ ቃል ሰጡ። አጅባርን አንዴ ደግመህ አሸንፍልኝ፣ መርቄ እሸኝሃለሁ አሉት። ጨዋታው መጣ። የአጅባር ልጆችም አጥንታቸው ወጥቷል፤ ከሁለቱም ወገን እየወደቀ የሚቀረውን በክንዱ ደግፈን እናወጣ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ጠላሁ። ይመር አገባ። አገባና አልጨፈረም፤ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ሄዶ ተንበረከከ። ራሱን ለምርቃት ዝቅ አደረገ። ፊታውራሪ ራሱን ደባበሱት። «እንዲህ ያለ ልጅ» አሉ ለአመራሩ፣ «እንዴት ሆኖ ይሸኛል?»

ወይዘሮ ከድጃ በዚያው ሳምንት ሞተች። የቀበርናት እኔና ይመር፣ መምህር ሁሴንና ሼሁ ነን። የጡት አባት ለልጁ እናት ሐዘን ይቀመጣል፤ ፊታውራሪ አልመጡም። የኳስ አመራር ለቅሶ አይደርስም አሉ መሰለኝ። ያን ቀን ጠልቻቸዋለሁ። እስከ ዛሬም አልተመለስኩበትም።

ከዚያማ አብዮቱ ፈነዳ። ሜዳው ሳይቀር የፊታውራሪ መሬት ተወረሰ፣ እርሳቸውም ታሰሩ። የወለዷቸው ልጆች ጠፉ፣ እልፍኝ አስከልካዩ ጠፋ፣ አመራሩ በሙሉ ፊታውራሪን በኳስ ብቻ ነው የማውቃቸው ማለት ጀመረ። እስረኛ በዚያን ጊዜ ስንቁን የሚያመጣለት ቤተሰቡ ነው። ታዲያ ለፊታውራሪ ማን ያመጣ ነበር? ይመር! የእርዳታ እህል እኛም ጋ ደርሶ ነበርና ከራሱና ከሰዓዳ ድርሻ ቀንሶ፣ በየቀኑ ቂጣ ይዞ እስር ቤቱ ደጅ ላይ ይቆማል። አብዷል ብዬ ነበር፤ አላበደም። አባቱ ናቸው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አጅባር ገጠር መሬት እየተከፋፈለ ነው፣ ተወላጁ ሁሉ መጥቶ ድርሻውን ይያዝ ተባለ። ይመር ካልሄደ እሱም እህቱም መሬት የላቸውም፤ ከዓመት ዓመት እርዳታ ሲጠብቁ መኖራቸው ነው። ቢሄድም የባላባት ልጅ ነው ተብሎ መሬት አይሰጠውም። መምህር ሁሴን እስር ቤት ገብቶ ፊታውራሪን ለመናቸው። መርቀው ይልቀቁት፣ ወይም ልጄ አይደለም ይበሉለት አለ። ፊታውራሪ ቂጣቸውን እያኘኩ፣ «ማን ሊያበላኝ?» አሉት። እዚህ ላይ እንኳ አልዋሹም።

ዘማች ተማሪዎች ገበያው ላይ ሕዝብ ሰብስበው ፊታውራሪን አቀረቧቸው። ጎተራ ዘግተሃል፣ ሰው አስርበሃል፤ ክሱ ይሄ ነበር። የሚጠይቅ ካለ ይጠይቅ ሲባል መምህር ሁሴን ተነሳ።

«ፊታውራሪ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ከጎተራዎ አጠገብ በረሀብ የሞተችው ከድጃ የልጅዎ እናት ናት ወይስ አይደለችም? ይመር ልጅዎ ነው?»

አዎ ካሉ የገዛ ልጃቸውን እናት በረሀብ ገድለዋል። አይደለም ካሉ ስንቃቸው ቀረ። ፊታውራሪ ሕዝቡን አዩ፣ ጠመንጃ የያዙትን አዩ። ይመርን አላዩትም።

«አላውቀውም» አሉ። «ልጄ አይደለም። የኳስ ሰው ነው።»

መምህር ሁሴን እንደ ሕፃን ዘለለ። ጎል ሲገባ እንኳ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ይመር ግን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ እናቱ ስትሞት እንዲያ አላለቀሰም። ሼሁ መጥቶ ተፈትተሃል ልጄ፣ ሂድ አለው። በዚያው ሰዓት ሰዓዳን ይዞ የአጅባርን መንገድ ጀመረ። እስኪርቁ ቆመን አየናቸው። አንዴም ዞር አላለም።

በማግሥቱ እኔና መምህር ሁሴን በእስር ቤቱ በኩል ስናልፍ ጠባቂው በር ላይ ቆሞ ስንቅ ያመጡ ቤተሰቦችን በየስማቸው ይጠራል። ሁሉም እየቀረበ አስረከበ። «የፊታውራሪ ጓንጉል ቤተሰብ!» አለ። አቤት ያለ የለም። ደግሞ ተጣራ። በሩን ሊዘጋ ሲል ከውስጥ የማውቀው ድምፅ ተሰማ።

«አትዝጋው፣ ትንሽ ቆይ» አለ። «ልጄ ይመጣል።»